ከአሮጌው ራዳር ላይ ያጠፋኋቸው ሦስት ነጥቦች

በሕይወቴ ያበላሸሁት ነገር ጥቂት አይደለም። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅ፣ የኮሌጃችንን የድምፅ ማጉያ ደግሞ ልክ ምርቃት ሊጀመር ሲል። መቃብር ያጠፋሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም በጥጥና በአሴቶን፣ ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ ሰው ልጠቅም ብዬ ነው።

አሶሳ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ተመድቤ ስመጣ ለሁለት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መቁጠር ትቻለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ ውሃ የሚታየው በጄሪካን ስለሆነ ዋና አልችልም። ጀልባም ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፣ ያውም ቴሌቪዥኑን ስጠግን። አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን ቢሮው አስጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ። ማንኩሽ አካባቢ፣ ከግድቡ ጀርባ በተኛው ሐይቅ ላይ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት የጀልባውን አሮጌ ራዳር በአዲስ የሚተካለት ባለሙያ ይፈልጋል ይላል።

«እኔ ራዳር ነክቼ አላውቅም» አልኩ።

«ዲሽ ትሰቅል የለም እንዴ?»

«ዲሽና ራዳር አንድ አይደሉም።»

«ሁለቱም ጣሪያ ላይ ነው የሚወጡት» አለና ፈረመ።

የአዲሱን ራዳር መመሪያ መጽሐፍ ከአሶሳ እስከ ሸርቆሌ በሚኒባስ፣ ከሸርቆሌ እስከ ማንኩሽ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ስሄድ አነበብኩት። ኅዳር ነበር፤ በየሜዳው ሣር የሚቃጠልበት ወቅት። ጭሱ መንገዱን ከመሸፈኑ የተነሣ ሾፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ይነዳል። ራዳር ሞገድ ልኮ፣ ዓይን የማያየውን ኮረብታና ዳርቻ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው ይላል መጽሐፉ። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን መጽሐፉን ትቼ በመስኮት ስመለከት ነው።

ጀልባዋ ሌላ ሐይቅ ላይ ጉልበቷን ጨርሳ፣ በከባድ መኪና ተጭና የመጣች ብረት ናት። ሥራዋ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ግንድ መሰብሰብና የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ማመላለስ ነው። ራዳሩ አብሯት መጣ እንጂ ማንም አልጠየቀውም። ስክሪኑ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስላል፤ ወፍራም መስታወት፣ መሐሉ ላይ ትንሽ መስቀል የተቀረጸበት። መስቀሏ ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ናት። በዙሪያዋ ያለው ኮረብታና ዳርቻ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ራዳሩ ደስ ሲለው። ደስ ካላለው ይጠፋል። በጥፊ ሲሉት ይመለሳል። ጥፊው የሚያርፍበት ጎኑ ቀለሙ ተልጦ የሰው መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጭ ሆኗል።

መዳፉ የጀልባ ነጂው ነው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጅም፣ ከንግግሩ ዝምታው የሚበዛ ጉሙዝ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ላይ የጀልባ ነጂ የሚባል መደብ ስላልነበረ የተቀጠረው በከባድ መኪና ሾፌርነት ነው። መኪና መንዳት አይችልም። ይህን ጉዳይ ማንም አላነሳበትም፤ እሱም ለማንሳት አልቸኮለም። የተወለደበት ሠፈር አሁን ከሐይቁ ሥር ነው። ሰዉ ውሃው ሳይደርስ ወደ አዲሱ መንደር ወጥቷል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በአንድ ጣት ነው።

«እኔ የተወለደ እዚያ ነው» አለኝ ወደ ውሃው እየጠቆመ።

የጠቆመበት ቦታ ላይ ሁለት ዳክዬዎች ይዋኛሉ። ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ «ጥሩ ቦታ ነው» አልኩት።

በመጀመሪያው ቀን አንቴናውን አብረን አወረድን። እሱ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ እኔ ከታች የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ቆምኩ። ጀልባዋ በወፍራም ገመድ የታሰረች መሆኗን አይቻለሁ፤ ገመዱ ግን አላሳመነኝም። ሥራ ስንጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ እኔ ሁለት ቀን የለም። እናቴን ያመጣል።»

«ታመው ነው?»

«አልታመመም። በዓመት አንድ ቀን ውሃ ላይ ይወጣል። ዘንድሮ ግን በጣም ደክሟል። የሚቀጥለው ዓመት እንጃ።» ከዚያ የአሮጌውን ራዳር መስታወት በጣቱ ነካ አደረገው። «ይሄን ቀስ አድርገህ ያዝ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲያውም ንጹሕ አድርጎ በመሥራት ነው የምታወቀው፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «አልኮል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለጥርጊያው ነው፣ ለመጠጥ አይደለም። ቀስ አድርገህ ያዝ ሲለኝ ትንሽ ከፋኝ።

«ሥራዬ ነው» አልኩት፣ ጫን ብዬ።

አዲሱ ራዳር በካርቶኑ እንዳለ ንብረት ክፍል መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ደንቡ ደግሞ አሮጌው ገቢ ሳይሆን አዲሱ ወጪ አይሆንም የሚል ነው። ነጂው እናቱን ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ እችል ነበር። ግን ሲመለስ አዲሱን ተተክሎ፣ ሲሠራ፣ ሲያበራ ቢያገኘው ብዬ ጓጓሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አሮጌውን ፈትቼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በእጅ ጋሪ እየገፋሁ ወሰድኩት።

ንብረት ክፍል ያለችው ሴት የቡለን ገበሬ ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ካርቦን ወረቀትና በተራ ቁጥር የታተመ የገቢ ቅጽ ጥራዝ አለ፤ ሌላ ነገር የለም። ሰው ሲያናግራት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አስተካክላ ስትጨርስ መልሱ አይሆንም ነው። መጋዘኑን ከተረከበች ወዲህ አንዲት ብሎን ጠፍታ አታውቅም ይላሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ስለ ገዳም መነኩሴ እንደሚያወሩ።

ራዳሩን እያገላበጠች አየችው። በጥፊ የተላጠውን ጎኑን አይታ «ይሄ እርጅና ነው» ብላ አለፈችው። መስታወቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ሦስት ቀይ ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ አይበልጡም፤ በጥፍር ቀለም ነው የተቀቡት። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ታች። እኔም አይቻቸው ነበር፤ ልጅ የቀባው መስሎኝ ትቼዋለሁ።

«ቀለም ነው» አልኩ።

«ማን ቀባው?»

«እኔ እንጃ።»

ማስመሪያዋን አነሣች። ከመስቀሏ ጀምራ እስከ መጀመሪያው ነጥብ ለካችና ጻፈች። ሁለተኛውንም ለካችና ጻፈች። ወደ ሦስተኛው ስትሻገር ነገሩ አላማረኝም።

«እህቴ፣ ይሄ ሲጻፍ ምን ይከተላል?»

«ጉዳት ነዋ መምህር። ጉዳት ካለ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። የመጨረሻው ተረካቢ ይጠየቃል።»

«የመጨረሻው ተረካቢ ማነው?»

ካርዱን አየች። «የከባድ መኪና ሾፌሩ።»

መኪና የማይነዳ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ስለ ጥፍር ቀለም ሲጠየቅ ታየኝ። ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ከጥፍር ቀለሙ ተነሥተው መንጃ ፈቃዱ ላይ መድረሳቸው አይቀርም። አዘንኩለት። «አንድ ጊዜ» አልኩና ከመሣሪያ ሣጥኔ ጥጥና ቀለም የሚያስለቅቅ አሴቶን አወጣሁ። ሦስቱንም ጠረግኋቸው። ከዚያ ሥራዬን አክባሪ ስለሆንኩ መላውን መስታወት ሁለተኛ ጊዜ ወለወልኩት።

«አሁንስ?»

ጎንበስ ብላ በብርሃን አየችው። «አሁን ጉዳት የለም።»

የጀመረችውን ቅጽ አግድም «ተሰርዟል» ብላ ጻፈችበት። አዲስ ገልጣ «ንጹሕ» ብላ ሞላች። ፈረምን። አዲሱን ካርቶን አወጣችልኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እያፏጨሁ ነው የሠራሁት። አንድ ድኻ ከኮሚቴ አፍ አወጣሁ ብዬ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ አጋጥሞት መሆን አለበት።

አዲሱ ራዳር ቀጭንና ባለቀለም ነው። ኮረብታው ብርቱካናማ፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ጣት ሲያሳርፉበት እስከዚያ ያለውን ርቀት በሜትር ይጽፋል። ገመዱን በመስመር በመስመር አሰርኩት፤ ብሎኖቹን አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ አድርጌ አጠበቅኋቸው፤ ይህን ማንም አያይም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከጎኑ «በጥፊ መምታት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጂው እናቱን ይዞ መጣ። እናቱ ቀጭን፣ እንደ ልጃቸው ረጅም ናቸው። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የልጃቸውን ክንድ ይዘዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። አሥር እርምጃ ሄደው ያርፋሉ፣ ከዚያ ደግሞ ዘጠኝ ሄደው ያርፋሉ። ከፒክአፑ ላይ ግማሽ ጆንያ ማሽላ ወረደ። የእሳቸው ነው። ጨዋ ሰው ነኝና ተሸከምኩት፤ ጨዋነቴ እስከ ውሃው ዳር ግማሽ መንገድ ድረስ ቆየ። ለአንድ ጠዋት ጉዞ ግማሽ ጆንያ እህል ምን ይባላል? ማዶ ወስደው ሊሸጡት ነው ብዬ ደመደምኩና በሆዴ እያጉረመረምኩ ደረስኩ።

እናቱን ጀልባዋ የምትታሰርበት የእንጨት መድረክ ላይ አስቀመጥናቸው። እሱን ወደ መሪው ክፍል አስገባሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ አዲሱ ራዳር አስረዳሁት፤ ማስተማር ከጀመርኩ አላቆምም። ጣቱን አሳርፎ ርቀቱ ብቅ ሲል ሳቅ አለ። የለጠፍኩትን ወረቀት አንብቦ በእሱም ሳቀ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ያ ሽማግሌስ?»

«ገቢ ሆነ። አዲሱ እንዲወጣ።»

«መስታወቱ ላይ ነጥብ አለ።»

«አውቃለሁ፤ አጠፋሁልህ» አልኩት። ቀጥ ብዬም ቆምኩ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

የተጠቀለለ ገመድ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ እህት ነበረኝ» አለ። «ትንሽ ነው። ሰባት ዓመት። ወባ ገደለው።»

የቀረውንም እንዲሁ ቁርጥ ቁርጥ እያደረገ ነገረኝ። ልጅቷን የቀበሯት ከቤታቸው በላይ፣ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ነው፤ ፍሬው ኮምጣጣ ስለሆነ ልጆች የሚሻሙበት ዛፍ። ውሃው የመጣ ዓመት ሰዉ ሁሉ ወጣ፣ እሷ እዚያ ቀረች። በዚያ ዓመት የዛፉ አናት ገና ከውሃ በላይ ነበር። እሱም ያኔ ጀልባዋ ላይ አዲስ ተቀጥሯል። እናቱን ይዞ ሄደ፤ ጀልባዋን ከዛፉ አናት ጋር አሰራት፤ እናቱ ቅጠሉን ዳሰሱ። ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚሰምጥ ገባው። ስለዚህ የጀልባዋን ፊት ወደ ትልቁ ተራራ አዙሮ ራዳሩን አበራ። በዙሪያው ሦስት ኮረብታዎች ታዩት። ከሴት ልጁ በተዋሰው የጥፍር ቀለም፣ መስታወቱ ላይ በእያንዳንዱ ኮረብታ ላይ አንድ ነጥብ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ፊቷን ወደ ተራራው እንዳደረገ ጀልባዋን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሦስቱ ኮረብታዎች ሦስቱ ነጥቦች ሥር ሲገቡ ሞተሩን ያጠፋል።

«ከዚያ እህቴ ከታች ነው» አለኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ሃያ ዓመት አስተምሬ የማላውቀውን ይህ ሰው በአንድ ብልቃጥ የጥፍር ቀለም ሠርቶታል፤ እኔ ደግሞ ጠርጌዋለሁ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። በመስኮቱ በኩል እናቱ ይታዩኛል። ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፣ የምርቃቱ ዕለት ጭምር።

«ንገራቸው እንግዲህ» አልኩት።

«አልነግረውም። ዘንድሮ አልነግረውም።»

ሁለታችንም ወደ ንብረት ክፍል ሄድን፤ ሮጥን ብል ይሻላል። የነጠላዋ ባለቤት ቀና ብላ አየችን።

«አሮጌውን ራዳር አንድ ጊዜ ማየት ፈልገን ነበር።»

«ገቢ የሆነ ንብረት ያለ ወጪ ሰነድ አይወጣም።»

ነገርኳት። ስነግራት ስለ ራሴ ምንም አልቀነስኩም፣ ጥጡንም አሴቶኑንም። ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። አስተካክላ ስትጨርስ ግን ተነሥታ መጋዘኑን ከፈተች።

«ይሄ ወጪ አይደለም» አለች። «ቆጠራ ነው።»

ራዳሩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠን ሦስታችን መስታወቱ ላይ ተደፋን። በእጅ ባትሪ አየነው፤ አግድም አየነው፤ ተንፍሼበት አየሁት። ምንም የለም። ሥራዬን ንጹሕ አድርጌ ነው የሠራሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ሰነፍ በሆንኩ አልኩ።

እሷ ግን መስታወቱን ትታ የቅጹን ጥራዝ ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር።

«የተሰረዘ ቅጽ አይቀደድም» አለች ለማንም ሳይሆን። «በተራ ቁጥሩ፣ ከነካርቦኑ፣ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ኦዲተር ይጠይቃል።»

«ተሰርዟል» ከሚለው ሥር፣ በዚያ ድርድር ባለ የእጅ ጽሕፈቷ እንዲህ የሚል አለ። አንደኛ፣ ቀይ ነጥብ፣ ወደ ግራ፣ ከመሐል መስቀሉ አራት ሳንቲ ሜትር። ሁለተኛ፣ ቀይ ነጥብ፣ ወደ ቀኝ፣ ከመሐል መስቀሉ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል። ሦስተኛ፣ ቀይ። እዚያ ላይ ነው «እህቴ» ብዬ ያቋረጥኳት።

ነጂው ወረቀቱን በጣቱ ነካው፤ ማንበብ ይችላል፣ ግን ነካው። እኔ ብዕር አውጥቼ ሁለቱን ቁጥሮች መዳፌ ላይ ጻፍኩ፤ ከጥራዙ ላይ ወረቀት ቅደጅልኝ የማለት ድፍረት ለማንም አይሰጥም።

«ልኬቱ ትክክል ነው?» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አጠጋግቼዋለሁ። ለጉዳት መግለጫ ይበቃል ብዬ ነው እንጂ… ምን እንደምለካ መች አወቅሁ?»

ስንወጣ በር ላይ ቆማ ወደ ሐይቁ አማተበች።

ሒሳቡን ጀልባዋ ላይ ሠራሁት። ነጂው የአሮጌውን ራዳር የርቀት ማስተካከያ ሁልጊዜ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያደርገው ያውቃል፤ በዚያ ደረጃ አሮጌው መስታወት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃው ላይ ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል። የግራው ኮረብታ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር፣ የቀኙ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኀምሳ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲጠጋጋ ደግሞ ምን ያህል ያሳስታል የሚለውንም ሠራሁት፤ አንድ የኳስ ሜዳ ያህል ነው። ይህን ለነጂው ነገርኩት። እሱ ሞተሩን አስነሣ።

ሐይቁ ላይ ጭስ ተኝቶበታል። የደረቁ ዛፎች አናታቸውን ብቻ አውጥተው በየቦታው ቆመዋል፤ ነጂው በመሐላቸው ያልፋል። እናቱ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ጆንያቸው እግራቸው ሥር። እኔ አዲሱ ራዳር ላይ ጣቴን አሳርፌ ርቀት አነባለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ… አለፍን… መልስ… አሁን ቀጥ በል።» አንድም ቀን ጀልባ ነድቼ የማላውቅ፣ ዋና የማልችል ሰው፣ የውሃውን ልጅ ውሃው ላይ እመራዋለሁ። እሱ እያንዳንዷን ቃሌን ይፈጽማል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የግራው ቁጥር ገጠመ። የቀኙም ገጠመ።

«እዚህ ነው» አልኩ። ቀጥዬም ስለ እውነት ብዬ «እዚህ አካባቢ» አልኩ።

ሞተሩን አጠፋ። እንደ ሌባ ተያየን። ወደ እናቱ ሄዶ በቋንቋቸው አንድ ቃል ነገራቸው፤ ደረስን ማለቱ ይመስለኛል። እሳቸው የጆንያውን አፍ ፈቱ።

አንድ እፍኝ ማሽላ አወጡና በተኑ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቆዩ። ሌላ እፍኝ በተኑ። ትንንሽ ዓሦች ወጡ፤ እሳቸው አያዩአቸውም። ነጂውን የወገናችሁ ሁሉ ልማድ ነው ወይ አልኩት በሹክሹክታ፤ የለም፣ የእናቴ ነው አለኝ። ልጅቷ ማሽላ እሸት ትወድ ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ ራዳሩ ላይ ነው። ነፋስ አለ፤ ጀልባዋ በቀስታ እየሄደች ነው። የግራው ርቀት ኀምሳ ሜትር ጨመረ። መቶ ጨመረ። እናቱ አይቸኩሉም፤ አንድ እፍኝ፣ ዝምታ፣ አንድ እፍኝ። መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ። ድሮውንም ያልታወቀው ቦታ ጭራሽ ከኋላችን ቀረ። አላስቻለኝም።

«አስቁማቸው» አልኩት ነጂውን። «አልፈናል። መመለስ አለብን።»

እናቱ ወደ ድምፄ ዞሩና አንድ ነገር ጠየቁ። መምህሩ ምን ሆነ ነው የሚሉት። ልጃቸው ሊዋሽ አፉን ከፈተና አልቻለም። ነገራቸው። ቋንቋውን ባልሰማም ታሪኩን በእጁ ተከታተልኩት፤ ሦስት ጊዜ በጣቱ አየር ላይ ነጥብ አደረገ፣ ከዚያ በመዳፉ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። ሐይቁ ውስጥ ዘልዬ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ዋና አለመቻሌ ከለከለኝ።

እናቱ ብዙ ተናገሩ። ድምፃቸው የተቆጣ አይመስልም። ነጂው ሰማቸውና መተርጎም ጀመረ።

«ጀልባ መቼ ቆሞ ያውቃል ይላል።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ እሱም ተከተለ።

«የቆመው አንድ ጊዜ ነው፣ ዛፉን የያዝን ጊዜ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይሄዳል። ልጄ ሞተር አጥፍቶ ደረስን ይላል። እኔ እጄን ውሃ ውስጥ አደርጋለሁ፤ ውሃው በጣቴ መሐል ያልፋል። አልቆመም። ልጄ እንዳያዝን ዝም አልኩ።» ነጂው ትንፋሽ ወሰደ። «ስለዚህ ብዙ እህል አመጣለሁ። እዚህም እበትናለሁ፣ እዚያም እበትናለሁ። ከብዙው ትንሽ ለእሷ ይደርሳል ይላል።»

ከዚያ በእኔና በእናቱ መሐል ቆሞ «እኔ ይሄን አላወቅሁም» አለ። ይህኛው ትርጉም አልነበረም። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግማሽ ጆንያው ለምን እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቃቸውም። እኔም ተሸክሜው አልጠየቅኋቸውም።

እናቱ ዕድሜዬን ጠየቁ። አርባ ነው አልኩ። ሲነገራቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ቆዩ።

«እሷም ብትኖር ዘንድሮ እንደዚያ ነው ይላል» አለኝ ልጃቸው።

እጄን እንድዘረጋ በዱላቸው ጉልበቴን መቱኝ። ዘረጋሁ። በሁለት እጃቸው ማሽላ አፍሰው መዳፌን ሞሉት፤ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ሸፈናቸው። ያጠፋው ሰው ይበትን ነው ያሉት። በተንኩ። እያለቀስኩ ነው የበተንኩት፤ ይህን አልደብቅም። ነጂው ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ጀመርንበት መለሰን፣ አጠፋው፣ እንደገና ነፋሱ ወሰደን። እንደገና መለሰን። የራዳሩን ስክሪን ማናችንም አላየነውም። የኳስ ሜዳዋን ከዳር እስከ ዳር፣ ሦስታችንም፣ እፍኝ በእፍኝ ሸፈንናት።

ሲያልቅ እናቱ ጆንያውን ገልብጠው ውሃው ላይ አራገፉት፤ አጣጥፈውም ጭኔ ላይ አስቀመጡት። አንድ ነገር ተናገሩ። ነጂው ሳይተረጉም መጀመሪያ ሳቀ።

«ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ ጆንያ ነው ይላል። መምህሩ ይሸከማል።»